ያቋረጥነውን ወሬ እንቀጥል

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹስ? መቼም እስካሁን በቁመት ሳይበልጡህ አይቀሩም። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ዝምታው ቢረዝምም ከሐሳቤ ጠፍተህ አታውቅም። የጦርነት ወሬ በሰማሁ ቁጥር ያ የመጨረሻ ክርክራችን ትዝ ይለኛል። "መጽሐፍና ሙዚቃ ታንክ አቁመው አያውቁም" ብለኸኝ ነበር። ያኔ ወሬው በመሃል ተቋረጠ። ዛሬ ልቀጥለው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርገህ አንብባቸው።

ከምስማማበት ልጀምር። ጥበብ ብቻውን ሰላም አያመጣም። ቫይማር የምትባለውን የጀርመን ከተማ አስባት። ስመ ጥር ባለቅኔዎችና ሙዚቀኞች የኖሩባት ናት። በ1937 ግን እዚያው አጠገቧ ባለው ኮረብታ ላይ የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተከፈተ። ያ ሁሉ ግጥምና ዜማ ካምፑን አላስቀረውም። ሩዋንዳንም እናንሳ። በ1993 ሥርጭት የጀመረው አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ጥላቻን ወደየቤቱ ያስገባው ሰው የሚወደውን ዘፈን እያሰማ፣ በጨዋታና በቀልድ እያዋዛ ነው። በ1994 የሆነውን የዘር እልቂት ታውቀዋለህ። ስለዚህ "ሙዚቃ ሰውን አንድ ያደርጋል" የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ማንን ከማን ጋር? በማንስ ላይ? ብዬ እጠይቃለሁ።

ግን እዚያ ላይ ማቆም አልቻልኩም። ምክንያቷ አንዲት ሴት ናት።

ዬላ ሌፕማን ትባላለች። ጀርመናዊት አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ነበረች። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተሰደደች፤ ኑሮዋንም እንግሊዝ አደረገች። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 የአሜሪካ ጦር የሴቶችና የወጣቶች ጉዳይ አማካሪ አድርጎ ወደ ጀርመን መለሳት። አስበው እስቲ፤ ሊያጠፋት ወደ ነበረው አገር ነው የተመለሰችው። ከተሞቹ ፈራርሰዋል። ሕዝቡ ተርቧል። እሷ ደግሞ ለሃያ አገሮች ደብዳቤ ጽፋ የልጆች መጻሕፍት ለመነች። የጀርመን ልጆች ለዚህ ጦርነት ተጠያቂ አይደሉም፤ ከእናንተ አገር ልጆች ጋር በመጽሐፍ ይተዋወቁ ነው ነገሩ።

አገሮቹ እሺ አሉ። አልልክም ያለችው ቤልጂየም ነበረች። በጀርመን ሁለት ጊዜ የተወረረች አገር ናት፤ ማን ይፈርድባታል? ሌፕማን ግን እንደገና ጻፈችላት። ሌላ ወረራ የማትፈልግ አገር ከማንም በላይ የእነዚህ ልጆች አስተዳደግ ሊያሳስባት ይገባል የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበችው። ቤልጂየምም ላከች! የመጻሕፍቱ ኤግዚቢሽን በ1946 ሙኒክ ላይ ተከፈተ። በ1949 እዚያው ከተማ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ዛሬም ይሠራል።

እኔን የያዘኝ ምን መሰለህ? የመጡት ስለ ሰላም የሚሰብኩ መጻሕፍት አልነበሩም። ልጆች የሚወዷቸው ተረቶችና ሥዕሎች ናቸው። አንድ ልጅ የሌላ አገር ልጅ በሳቀበት ታሪክ ከሳቀ፣ ነገ "እነዚያ ሰው አይደሉም" የሚለው ሰው ሲመጣ ውስጡ የሚጎረብጠው ነገር ይኖራል። ሁልጊዜ ላይበቃ ይችላል። ግን ምንም ከሌለው ልጅ ይሻላል።

ወደ ቫይማር ልመልስህ። በ1999 ዳንኤል ባረንቦይምና ኤድዋርድ ሰኢድ፣ አንዱ እስራኤላዊ ሙዚቀኛ ሌላው ፍልስጤማዊ ጸሐፊ፣ የአረብና የእስራኤል ወጣት ሙዚቀኞችን እዚያች ከተማ ሰብስበው ኦርኬስትራ መሠረቱ። ልጆቹ ቀን አብረው ይለማመዳሉ፤ ማታ ቁጭ ብለው ይወያያሉ። ውይይቱም የጨዋ ሰላምታ ብቻ አልነበረም፤ ይጋጋላል። ጠዋት ግን የአንዱ ቼሎ ከሌላው ጋር እኩል ካልገባ ሥራው አይሄድም። ለመጫወት መደማመጥ ግድ ነው። ባረንቦይም ራሱ ኦርኬስትራው ሰላም ያመጣል ብሎ አያወራም። የምንዋጋው አለመተዋወቅን ነው ባይ ነው። ይህን ሐቀኝነቱን በጣም እወድለታለሁ።

አሁን ደግሞ ሐሳብ ውስጥ የከተተኝን ልንገርህ። በዚያችው በሬዲዮ በቆሰለችው ሩዋንዳ በ2004 "ሙሴኬዌያ" የተባለ የሬዲዮ ድራማ ተጀመረ። ስለ ሁለት የተጣሉ መንደሮችና ስለ እርቅ የሚያወራ ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ኤሊዛቤት ፓሉክ የተባለች ተመራማሪ ድራማውን በቡድን ሆነው የሚሰሙ ሰዎችን፣ ስለ ጤና የሚያወራ ሌላ ድራማ ከሚሰሙት ጋር ለአንድ ዓመት ያህል አነጻጸረች። ውጤቱን በ2009 አሳተመች። ሰዎቹ በግላቸው የሚያምኑት ነገር ያን ያህል አልተቀየረም። የተቀየረው፣ ሌላው ሰው ምን ይላል፣ በአደባባይ ምን ማለት ይቻላል የሚለው ግምታቸው ነው። አድራጎታቸውም አብሮ ተቀየረ። መጨረሻ ላይ ለየቡድኑ የጋራ ቴፕና ካሴት ተሰጠ። ማን ይያዘው ሲባል የጤናውን ድራማ የሰሙት ለመንደሩ ሹም ይሰጥ ወደ ማለቱ አዘነበሉ። የእርቁን ድራማ የሰሙት ግን ተከራክረው፣ ራሳቸው በጋራ ሊያስተዳድሩት ተስማሙ።

ቴፕ ነው፤ ትንሽ ነገር ነው። ግን ይህን ሳነብ ያንተ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘብኝ። እኛ ስንከራከር የነበረው መጽሐፍና ዘፈን የሰውን ልብ ይለውጣል ወይስ አይለውጥም እያልን ነው። ልብ ቀስ ብሎ ይምጣ! ከዚያ በፊት ሰው ጎረቤቱ ፊት "አይ፣ ይሄስ ልክ አይደለም" ለማለት የማይፈራበት ቦታ ያስፈልገዋል። ታንኩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ብዙ ዝም ያለ ሰው አለ። አብሮ ማንበብ፣ አብሮ መስማት፣ አብሮ መከራከር ያንን ዝምታ የሚሰብር ይመስለኛል።

ሥዕልንም አልረሳሁትም። ፒካሶ የጦርነትን መከራ ያሳየበት "ጌርኒካ" የተባለው ሥዕል በጨርቅ ተሠርቶ ከተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በየካቲት 2003፣ የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፈነ። የተሰጠው ምክንያት ለቴሌቪዥን ካሜራ እንዲመች ነው የሚል ነበር። ጦርነቱ ግን በወሩ ተጀመረ። ሥዕሉ አላስቆመውም፤ ብዙ ሰው ስለ መጋረጃው መናገሩ ግን ሥዕሉ ገና እንደሚናገር ያሳያል።

እና የምለምንህ ነገር አለ። አንድ መጽሐፍ መርጠን አብረን እናንብብ፤ አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ሁለታችን ብቻ ግን አይሆንም፤ እኛ እኮ በብዙ ነገር እንስማማለን። ያ ሁሌ በፖለቲካ የምትነታረኩት የሥራ ባልደረባህ አለ አይደል? እሱን ጥራው። እኔም በኩሌ የማልስማማትን አንዲት ሴት አነጋግሬ እሺ ብላኛለች። መጽሐፉን እነሱ ይምረጡ። በየሁለት ሳምንቱ በስልክ እንገናኝ፤ ማንም አስተማሪ፣ ማንም ተማሪ አይሁን። ከተጣላንም ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንምጣ።

ባልደረባህ የሚለውን ጠይቀህ ጻፍልኝ። እምቢ ካለ እንደገና ጠይቀው። ስልኬም አድራሻዬም የድሮው ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ