ቸርኬው አሁንም ይደወላል

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ፀዲዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ሥራው፣ ሁሉ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት፤ ቡና በተፈላ ቁጥር "ያቺ ልጅ ጠፋች?" ትለኛለች። የጠፋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁ። በዋትስአፕ የላክሽልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ማንበቤን እያየሽ መልስ ስታጪ ምን ምን እንዳልሽኝ እገምታለሁ፣ ይገባኛልም። አልታመምኩም፤ ተቀይሜሽም አይደለም። አፍሬሽ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፤ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወጥተዋል፤ ሳላፍር ሁሉንም ልንገርሽ።

በ2016 ግንቦት ላይ "ለማሂ ክፍያ" ብለሽ የላክሽው 300 ዶላር ትዝ ይልሻል? ውዝፉን ከፈልኩበት። ውዝፍ እንደነበረብን ያኔ አልነገርኩሽም። መጋቢት ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮሚዩኒኬሽን ቡኳ ውስጥ ቀይ ወረቀት ተሰክቶ መጣ። ያልከፈሉ ልጆች ስማቸው ሰልፍ ላይ ተጠርቶ፣ ጓደኞቻቸው እያዩዋቸው ሂሳብ ክፍል በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። "'እናቴ ረስታ ነው' ብዬ ዋሸሁልሽ" አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ናት እኮ ፀዲ! ለእኔ ብላ ዋሸች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም።

ሰኔ ላይ ደግሞ ወላጆችን ሰብስበው ወርሃዊ ክፍያው ከ4,200 ብር ወደ 6,500 ሊገባ ነው አሉን። ሰርቪሱ ለብቻው ነው። ሐምሌ 22 ዶላሩ ለገበያ ተለቀቀና ግርማ ሶማሌ ተራ የሚሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ገዢ አጣ፤ ባለሱቁም መጀመሪያ የቀነሰው የግርማን ኮሚሽን ነው። ነሐሴን በሙሉ ደብተር ይዘን ስንደምር ስንቀንስ ከረምን። ለናቲም ኬጂ መክፈል ነበረብን። ወይ ከቤት ኪራይ፣ ወይ ከአስቤዛ፣ ወይ ከትምህርት ቤት መቀነስ ነበረብን። ከትምህርት ቤት ቀነስን።

የት አስገባናቸው መሰለሽ? እዚያው እኛ ትምህርት ቤት! ለአንድ ዴስክ አራት ሆነን፣ በፈረቃ፣ አቧራ እየቃምን የተማርንበት። ሃይስኩል ስንገባ ያ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንበልብሎ፣ እኛ ብዕር ሳናነሳ መልሱን ሲነግረን፣ አንቺ "ልጄን ሞቼ ነው የመንግሥት ትምህርት ቤት የማስገባው" ብለሽ አስማልሽኝ። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ገንዘብ ልከሽ እኔ ልጄን ያስወጣኋት መስሎ ይሰማኝና ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ማሂን እጇን ይዤ ስገባ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። ጎረቤቶቼ "ምነው፣ በሰላም ነው?" ይሉኛል፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል። ትልቁ ፅድ ሥር ስደርስ ያ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ አየሁት። ኤሌክትሪክ ደወል አለ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ዘበኛው ወደ ቸርኬው ይመለሳሉ። በብረት ሲመቱት ድምፁ ያው ነው፣ እማዬ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ፈገግ አልኩ፤ ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አላፈርኩም ብልሽ ውሸት ነው፤ ግን ትንሽ ቀለል አለኝ።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገርሽ፤ ከምግቡ ልጀምር። ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፣ በነፃ። በ2012 በከተማው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ሁሉ ሲጀመር ቲቪ ላይ አይቼ "ስንት ወር ይቆያል?" ብዬ ነበር። ይኸው ቆየ፤ አሁን ከ800 ሺህ በላይ ልጅ ነው የሚመገበው ይላሉ። የቀድሞው ቤት የምሳ ዕቃ ነገር ትዝ ይለኛል። የእገሌ ልጅ በርገር ይዞ መጣ፣ የእገሊት ቺፕስና ጁስ አላት፣ ማሂ ሽሮ ስቋጥርላት "ክዳኑን ሳልከፍተው መለስኩት" ትለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ምሳ ዕቃ መቋጠር ቀረ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይበላል፤ ዛሬ ምስር በእንጀራ ነው፣ ነገ ሩዝ ነው፣ ከነገ ወዲያ መኮሮኒ ነው፣ አለቀ። ማሂ ምስር የምትበላ ልጅ ሆነች! ይህን ለግርማ ስነግረው አላመነኝም፤ ቤት ሠርቼ አሳየሁት።

ማን ነው የሚያበስልላቸው መሰለሽ? እትዬ በላይነሽ! በራችን ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረችው፣ አንቺ ሁልጊዜ በዱቤ የምትወስጂባት። አሁን "መጋቢ እናት" ነው የምትባለው፤ ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርጋ ስትታይ ሐኪም ነው የምትመስለው። ዘንድሮ ወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ መርጠውኛል (አትሳቂ)፤ እና አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምግቡን ለማየት ገባሁ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈዋል። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ቢሆን ነው፣ ሻዩን ጠጣና ዳቦውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። እትዬ በላይነሽ አየችው። ዞር ብላ ማንቆርቆሪያውን ማስተካከል ጀመረች። ልጁ ተነስቶ ሊሄድ ሲል "ና ወዲህ፣ አንተ ዛሬ ዳቦ አልደረሰህም" ብላ ሌላ ሰጠችውና እዚያው ቆማ አስበላችው። ለእኔ ዞራ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቤት ትንሽ እህት አለችው።"

ያን ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያቺን ቀይ ወረቀት አስታወስኳት።

አማርኛው ደግሞ! በፊት ማሂን ሱቅ ልኬ "ሰባ አምስት ብር ነው" ስላት "ሰቨንቲ ፋይቭ ነው?" ብላ ነበር የምታረጋግጠው። አያቷ ስታወራት ግማሹን አትሰማም። ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ ይቀጣ ነበርና ልጅቷ ቤትም እኛን ትቆጣን ነበር። እዚህ እስከ ስድስተኛ ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ፈራሁ፤ "ወደ ኋላ ቀረች" አልኩ። ባለፈው ክረምት እማዬ መነጽሯ ተሰብሮ ስታማርር፣ ማሂ ዳዊቷን ተቀብላ አነበበችላት። እየተደናቀፈች ነው፤ ግን አነበበች። እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ "ከፍላችሁ ያላስተማራችኋትን ሳትከፍሉ ተማረች" ብላ ግርማን ወጋችው። እሷ መቼም አትምርም። ከዚህ ሌላ አፋን ኦሮሞም ይማራሉ፤ ናቲ ግቢያችን የሚሸጡትን የሱሉልታዋን የወተት እናት "አካም ቡልተን" ሲላቸው በየጊዜው አንድ ስኒ ወተት በነፃ ይጨምሩልናል። ትንሽ ነጋዴ ወጥቶታል።

እና ቲቸር አስፋው! በሕይወት አሉ፣ እዚያው አሉ፣ የማሂ ሒሳብ አስተማሪ ናቸው። የቀድሞው ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የሒሳብ አስተማሪ ነበር የተቀያየረባት፤ ልጆቹ ስማቸውን ሳያውቁ ነው የሚሄዱት። እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት አንድ ግቢ! ጡረታቸው ደርሷል። ክፍልፋይ ሲያስተምሩ ከወረቀት ክብ እንጀራ ቆርጠው "ይህን ለስምንት ቤተሰብ አካፍሉ" ነው የሚሏቸው። ማሂ አሁን ማታ ማታ ትሪው ላይ እጇን ዘርግታ "ሦስት ስምንተኛው የእኔ ነው፣ ናቲ አንተ ሁለት ስምንተኛህን በልተሃል" እያለች እራታችንን ችሎት አድርጋዋለች።

አምና ማሂ ታይፎይድ ይዟት ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ፤ የክፍል ተጠሪዋ፣ ወጣት ልጅ ናት፣ ደብተር ይዛ መጣች። ሰፈራችን ነው የምትኖረው። ወንበር እንኳ ሳትይዝ የቀረባትን አስረድታት ሄደች። ቡና ላፍላ ብላት ሌላ የታመመ ልጅ አለኝ አለች። ደመወዟን ስለማውቅ የበለጠ አፈርኩ።

ሌላው ትንሽ ትንሽ ነው። ዩኒፎርሙና ደብተሩ ከከተማ አስተዳደሩ ነው የሚሰጠው፤ መስከረም ላይ ያ የዕቃ ዝርዝር ይዞ መርካቶ መዞር ቀረልኝ። ትምህርት ቤቱ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። በፊት ሰርቪሱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ማሂ እንቅልፏን መኪና ውስጥ ነበር የምትጨርሰው። አሁን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየሮጠች ትሄዳለች፣ የጥበቃው ልጅ፣ የፓርላማ ሠራተኛው ልጅ፣ ቀን ሠራተኛዋ ብቻዋን የምታሳድጋት ልጅ፣ አንድ ላይ። ልደት ላይ ማን ምን ስጦታ ገዛ የሚባል ጣጣ የለም።

ሁሉ ሰምሮልናል ልልሽ አይደለም፤ አንቺ ታውቂኛለሽ። ክፍላቸው ውስጥ 54 ልጅ ነው ያለው። ሽንት ቤቱን ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ምን ይደረግ? ኅብረቱ ሮቶ ለማስተከል ገንዘብ እያሰባሰበ ነው፤ ስብሰባው ግን ከሥራው ይበዛል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ቶሎ ስላልታተመ በቴሌግራም እየወረደ በስልክ ነው ያነበቡት፤ ስልክ የሌለው ወላጅ ልጅ ከጓደኛው ትከሻ ላይ ያነባል። አሁንም መጽሐፉ ለሁሉም አልተዳረሰም። እንግሊዝኛዋም በእርግጥ ቀዝቅዟል፤ ማታ ማታ እኔ ነኝ የማስጠናት፣ በዚያ በፕላዝማ እንግሊዝኛዬ።

ግርማ እስከ አሁን ልቡ አላረፈም። "የ12ኛ ክፍልን ውጤት አላየሽም?" ይለኛል። አይቻለሁ። በ2015 ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ግን ያ ቁጥር የከፋዩንም የመንግሥቱንም ልጅ ይዞ ነው። እኔ ለጊዜው የማስበው የሚቀጥለውን ዓመት የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲደርስ እናየዋለን። ገንዘቡ ቢገኝ መልሼ አስወጣቸዋለሁ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አምና "በማግስቱ!" ነበር የምልሽ። አሁን መጀመሪያ ማሂን መጠየቅ አለብኝ፤ እሷ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገብታ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና ታነባለች፤ ማይክ የያዘ ሰው ከቦታው እንደማይነሳ ታውቂያለሽ።

አንድ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውለሽ "ልጆቼ እዚሁ ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፣ ለወላጅ የሚላከው ወረቀት እንኳ በአማርኛ ይመጣል" ብለሽኝ ነበር። እኔ ልቤ ውስጥ "የፈረንጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ችግር አለው" ብዬ አለፍኩት። ሰፈር ውስጥ ተምሮ፣ ሰፈር ውስጥ በልቶ፣ በእግር ቤት መግባት አንቺ እዚያ ስታደርጊው ሥልጣኔ፣ እኔ እዚህ ሳደርገው ውርደት መስሎኝ ነበር። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፤ ለዝምታውም፣ ለ300 ዶላሩም።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ሰው ሲመጣ ልጆችሽ የጨረሷቸውን የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍት ብትልኪልኝ ግን አልጠላም፤ ከማሂ ሲተርፍ ለትምህርት ቤቱ ላይብረሪ እሰጠዋለሁ።

ልረሳው ነበር። ወላጅ ቀን ቲቸር አስፋው ገና ሲያዩኝ አወቁኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ እኔ አልነበረም፤ "ከአጠገብሽ ተቀምጣ ስታወራ ጠመኔ የምወረውርባት ልጅ የት ደረሰች?" አሉኝ። አሜሪካ ነው ያለችው ስላቸው "እዚያም ታወራለች?" አሉ። ምን ልበላቸው?

የአንቺው፣
ብርቄ