«ሲስተር፣ ያየሁት ይቆጠራል?»

ይድረስ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ነርስ ነኝ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር፦ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብዬ ፈርሜያለሁ።

ለተግባር ልምምድ እኛ ጋ የተላከች የነርሲንግ ተማሪ ሎግ ቡኳን፣ የሠራችው ሁሉ የሚፈረምበትን መዝገብ፣ ዘርግታ መጣች። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ 5 ጊዜ ይላል። እሷ ያየችው አንዴ ነው፣ ያውም ከሰው ትከሻ ኋላ ተንጠራርታ። «ሲስተር፣ ያየሁት ይቆጠራል?» አለችኝ። ልምምዳቸው በማግስቱ ያበቃል። አምስቱንም ፈረምኩላት። የመሥሪያ ቤትም የኮሌጅም ስም አልጠራም፤ ፊርማው የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች ይመጣሉ። አንዳንዴ ከሦስት ኮሌጅ በአንድ ቀን። መምህራቸው አቴንዳንስ ይይዝና ውልቅ ይላል። እሱም ሌላ ቦታ ክፍለ ጊዜ አለው፤ ብዙም አልፈርድበትም። ልጆቹ ለኛ ይቀራሉ። እኛ ደግሞ ክፍሉን ለሁለት ይዘነዋል፤ ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ ያሠለጠነንም የለም። አንድ ቀን 14 ሆነው አንድ አልጋ ሲከቡ፣ የተኙት እናት ቀና አሉና «ምነው ልጆቼ፣ ገና አልሞትኩም እኮ! ለቀስተኛ መሰላችሁ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ባጃጅ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ግን አላሳቀኝም።

ለመሆኑ እናንተ ይህን በምን ታዩታላችሁ? የመውጫ ፈተና አለ ትሉ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ መልስ ይመርጣል፣ 50 ከመቶ ካመጣ አለፈ። ከምንም ይሻላል። ግን ደም ሥር የሚፈልግ ጣት በማውስ አይፈተንም። ደግሞም ፈተናው የሚመዝነው ተማሪውን ነው። ያስተማረውን፣ ወይም ያላስተማረውን፣ ማን ይመዝነው?

መመዘኛ ጠፍቶ አይደለም። በካናዳ ኖክስና ሞጋን የተባሉ ሁለት የነርሲንግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ላይ ለሚያስተምር ሰው የተዘጋጀ 48 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አስተዋውቀው ነበር። የማስተማር ችሎታውን፣ ነርስነቱን፣ ባሕርይውን፣ ከተማሪው ጋር ያለውን ቅርበት፣ ተማሪውን የሚገመግምበትን መንገድ ሁሉ ይጠይቃል። እንዳለ ይምጣ አልልም። 48 ጥያቄ የተሰጠው ተማሪ ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ላይ ያከብብና ይወጣል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዛ ነበርኩ፤ ማርኩ ገና አልተለጠፈም ነበራ!

ለኔ ጥቂት ይበቃል። መጀመሪያ በእጅሽ ስትሠሪ አጠገብሽ ማን ቆሞ ነበር? ስትሳሳቺ ማን አረመሽ? በሽተኛው ፊት ነው ወይስ ለብቻሽ? ይህን ማርክ ከተለጠፈ በኋላ፣ ያለ ስም፣ ኮሌጁን ሳታስገቡ እናንተው ጠይቁ። ተማሪ የምንይዝ ነርሶችንም ጠይቁን፤ የምንለው ብዙ ነው። አንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ እንደሚቆምም በቁጥር ወስኑልን።

ለጉብኝት ስትመጡ ደግሞ አስቀድማችሁ አትደውሉ። ከደወላችሁ መምህራኑ ሁሉ ይገኛሉ፣ ጋውኑም ተተኩሶ ይጠብቃችኋል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዝም ብላችሁ በሚኒባስ ኑ። ሎግ ቡኩን ዝጉና አንዷን ልጅ «እስቲ አሳዪን» በሏት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከቱሉ ዲምቱ