ማክሰኞ ኢንተርቪው ላለባት ልጄ

እሙዬ፣

ማክሰኞ የሶፍትዌር ሥራ ኢንተርቪው እንዳለሽ እናትሽ ነገረችኝ። እኔን የደበቅሽኝ "አባዬ ደግሞ ሊጀምረኝ ነው" ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል። ልክ ነሽ፣ ጀመርኩሽ።

የኔን የመጀመሪያ ኢንተርቪው ልንገርሽ። 45 ደቂቃ ሰጡኝ። ከቁጥሮች ሊስት ውስጥ፣ ሲደመሩ የተባለውን ድምር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ ነው የተባልኩት። እኔ አቀርቅሬ ዝም! እኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ከቀባጠረ ቁንጥጫ ይጠብቀዋል፣ አስበህ ጨርሰህ ነው የምትናገረው። ኮዱን ጨረስኩ፣ ሠራም። አልወሰዱኝም። ፈታኙ ስለኔ ምን ብሎ ይጻፍ? ያየው አናቴን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንቺ ቀባጥሪ። መጀመሪያ ጠይቂ፤ ሊስቱ ባዶ ቢሆንስ? ቁጥር ቢደጋገምስ? ከዛ ሞኝ የሚመስለውን መንገድ ሳታፍሪ ተናገሪ፣ ሉፕ (ኮዱ የሚደጋግመው ዙር) ውስጥ ሉፕ አስገብቼ ጥንዱን ሁሉ እሞክራለሁ በይ፣ ወዲያው ደግሞ ቁጥሮቹ 1 ሚሊዮን ቢሆኑ ጥንዶቹ ወደ 500 ቢሊዮን እንደሚጠጉ ራስሽ ቀድመሽ ንገሪው። ያለፍሽውን ቁጥር ሃሽ ማፕ (የፈለግሽውን ወዲያው የምታገኚበት መዝገብ) ውስጥ እያስቀመጥሽ ብትሄጂ ግን ሊስቱን አንዴ ማለፍ ይበቃል፤ ዋጋው ሜሞሪ ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ይቺን ክርክር ነው፣ ኮዱማ አሥር መስመርም አይሞላ። ሲጠቁምሽ ደግሞ አትኩረፊ (አውቅሻለሁ)፣ ተቀብለሽ ቀጥዪ።

ሲስተም ዲዛይን፣ ማለት የአንድ ትልቅ ሶፍትዌር ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ በሳጥን እየሳልሽ የምታስረጂበት ጥያቄ፣ ለአዲስ ተመራቂ ብዙም አያከብዱትም። ከመጣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ሳትጠይቂ ሳጥን መሳል አትጀምሪ።

እኔን የሚያሳስበኝ "የከበደሽን ሥራ ንገሪን" የሚሉት ነው። አንቺ "እኛ ሠራን፣ እኛ አስተካከልን" ትያለሽ። እኔም በ"እኛ" ስንት ዓመት ተደብቄያለሁ። እነሱ የሚቀጥሩት አንቺን ነው፣ ጓደኞችሽን አይደለም። ያኔ ሰርቨሩ እየወደቀ ሲያስቸግራችሁ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) ስታነቢ የቆየሽው አንቺ አይደለሽ? እሱን ንገሪያቸው። ጉራ አይደለም።

ባይሳካስ? ማክ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የሚጫንበትን ሆምብሩን የሠራው ማክስ ሃውል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል እንዳልቀበለው ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር፤ ባይነሪ ትሪ (እያንዳንዱ ነጥብ ቢበዛ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው የዳታ አደራደር) ግራና ቀኙን ገልብጥ ተብሎ ነጭ ሰሌዳው ላይ አቃተው። የጉግል መሐንዲሶች ግን የሱን ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበር አለ።

እሁድ ነይ። ሰሌዳና ማርከር ገዝቻለሁ፣ ፈታኙ እኔ ነኝ፣ ፊቴንም አልፈታልሽም። እናትሽ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ጨርሱ ብላለች።

አባትሽ