ቁልፉ ወጥቶ ሞተሩ አልጠፋም ሲል

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ይኸው ስንት ጊዜያችን ሳንጻጻፍ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የጠየቅከኝ ስለ መኪና መሆኑ ግን ምንም አልገረመኝም፤ አንተና ያቺ አሮጌ መኪና መች ትለያያላችሁ! ወቀሳውን ስንገናኝ እናደርሰዋለን። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የላክልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ለማጥፋት ቁልፉን ታዞራለህ፣ ሞተሩ የጠፋ ይመስላል፣ ከዚያ ግን ግድግድ እያለ መኪናዋን ከነቦዲዋ ያንቀጠቅጣታል። አንዴ ሊሞት ነው ስትለው መልሶ ይነሳል። መጨረሻ ላይ እፍፍ ብሎ ይቆማል። ድምፁ ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ችግሩ የኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ቁልፉ ተዘግቶም ኮረንቲ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ወደሚሰጠው ዕቃ) የሚሄድ ቢሆን፣ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ለስለስ ብሎ ይዞር ነበር። ያንተው የሚንገጫገጨው ያለ ካንዴላ ብልጭታ፣ በራሱ ጊዜ ስለሚቀጣጠል ነው።

ለማረጋገጥ ሰው ቁልፉን ያጥፋልህና አንተ የኮይሉን ፖዘቲቭ በመሞከሪያ አምፖል ንካው። አምፖሉ ከበራ ጣጣው ያለው ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው፤ ወይም ከዲናሞው በባትሪ ምልክት መብራቱ በኩል ዞሮ የሚመጣ ኮረንቲ አለ። ያኔ የቀረውን ደብዳቤ ተወው። ካልበራ ቀጥል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁልፉ የሚያጠፋው ብልጭታውን ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ፒስተኖቹ አየር ይስባሉ፣ አየሩም ቤንዚኑን ይዞ ይገባል። ነዳጁ በኤሌክትሪክ በሚረጭበት በኢንጀክሽን መኪና ላይ ቁልፉ ሲዘጋ ነዳጁም ይቋረጣል፤ እዚያ ይህን ጉድ የማታየው ለዚህ ነው። እና ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ፍም የቀላ ካርቦን፣ ከልክ በላይ የጋለ የካንዴላ ጫፍ ወይም የኤግዞስት ቫልቭ ጠርዝ ካለ ብልጭታ ማን ይፈልጋል?

ሰው ሁሉ ቀድሞ ሙቀቱን ያሳድዳል። ካንዴላ ይገዛል፣ ቤንዚን ይቀይራል። አንተን ደግሞ ካርቡሬተሩን ቀይር ብለውሃል። እኔ ብሆን ከሚኒሞው እጀምር ነበር። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቾኩ (በብርድ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ በደቂቃ ስንት ይዞራል? ብዙዎቹ የካርቡሬተር ሞተሮች ከ700 እስከ 900 ነው የሚፈልጉት፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። ያንተው ከ1000 በላይ ከሆነ የአየር መክፈቻው ክፍት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ቁልፉ ቢዘጋም እንደልቡ ይስባል።

ግን የሚኒሞውን ብሎን ለመፍታት አትቸኩል። ሚኒሞ ዝም ብሎ ከፍ አይልም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ድክመት ለመሸፈን ሰው ከፍ ያደርገዋል። ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ የሚልበት ጊዜ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ሞተሩ ይደክማል፣ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጨመርለታል፣ ዘግይቶ ስለሚቃጠልም ኤግዞስቱ በኩል ይግላል። ስለዚህ መጀመሪያ በታይሚንግ መብራት እየው። የቫኪዩም ቱቦውን ነቅሎ መድፈን እንዳለብህ መመሪያው ካዘዘ አትዝለለው። ቀጥሎ ያለቦታው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልግ። ካርቡሬተሩ ማኒፎልዱ (ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቧንቧ) ላይ የተቀመጠበት ጋስኬትና የደረቁ ቱቦዎች ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። የካርቡሬተር ማጽጃ በጥቂቱ እየነፋህ የሞተሩን ድምፅ ስማ፤ ፍጥነቱ ከተቀየረ ቦታውን አገኘኸው። አደራህን ከጋለው ኤግዞስትና ከካንዴላ ሽቦ አርቀህ ንፋ፣ እሳት ነው።

አሁን ካርቡሬተሩን ጠጋ ብለህ ተመልከት። አንድ ሽቦ የገባበት፣ አውራ ጣት የሚያህል ሲሊንደር ታስሮበት ይሆናል። ሶሌኖይድ ነው፤ በኤሌክትሪክ መርፌ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ስትከፍት «ቀጭ» ማለት አለበት። በአንዳንዱ ካርቡሬተር ላይ ቁልፉ ሲዘጋ መርፌው የሚኒሞውን ነዳጅ ይዘጋል፤ የዚህን ሽቦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ብትነቅለው ወዲያው መጥፋት አለበት። በሌላው ላይ ደግሞ የአየር መክፈቻውን ደግፎ የሚይዝ ነው፣ ቁልፉ ሲዘጋ ይለቀዋል። ካልሰራ መጀመሪያ ሽቦው 12 ቮልት እንደሚደርሰው እይ። የመርፌው ጫፍ ተቆርጦ ለይስሙላ የተገጠመም አይጠፋም፤ መካኒክ ሲሰንፍ የሚያደርገው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ሙቀቱ። ቴርሞስታቱንና ራዲያተሩን አንተም ታውቃቸዋለህ። የካንዴላው የሙቀት ደረጃ ግን ብዙ ሰው ያታልላል። ኤንጂኬ በሚባለው ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስተላልፍ) ነው፣ ቦሽ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የአንዱን ቁጥር ይዘህ የሌላውን አትግዛ። ካርቦን ማራገፉን ወደ መጨረሻ አድርገው።

እስከዚያው ግድግድ እያለ አትተወው፤ አንዳንዴ ሞተሩን ወደ ኋላ እስከማዞር ይደርሳል። ስትቆም አንድ ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይብረድ። ከዚያ ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ቁልፉን አጥፋና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ቀጥ ይላል።

ታይሚንጉ ስንት እንደሆነ፣ ሶሌኖይዱም ቀጭ ማለት አለማለቱን ጻፍልኝ። ካንዴላዎቹን ስትፈታ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ምልክት አድርግና ፎቶ አንስተህ ላክ። አንዱ ብቻ ነጭ ከሆነ አየሩ የሚገባው በእሱ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

ለልጆቹም ለእናታቸውም ሰላምታ አድርስልኝ።

ያንተው