ሶቶን ሸጠን ባዶ እጃችንን አልቀረንም

ማርች 2025

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ዲሲው የቤዝቦል ቡድናችን፣ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሥራ ቦታ በስልኬ። ማታ ደግሞ ቤት ገብቼ፣ ምናልባት ቸኩዬ ይሆናል ብዬ። አልቸኮልኩም። «ቡድኑ ሁዋን ሶቶን ሸጦ ባዶ እጁን ቀረ» ይላል ቁልጭ አድርጎ፤ ሶቶ ማለት ኮከብ መቺያችን የነበረው ነው። ዝቅ ብሎ ደጋፊዎች በስፕሪንግ ትሬኒንጉ (ከሲዝኑ በፊት ፍሎሪዳ ላይ በሚደረገው ዝግጅት) ሰሞን ስለሚከራከሩት ነገር ካተተ በኋላ፣ «የእኛ ማኅበረሰብ ቤዝቦል ስለማይከታተል ነገሩ ብዙም አላሳሰበውም» ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው አረፍተ ነገር አናደደኝ። የመጀመሪያው ግን ውሸት ነውና ከሱ ልጀምር።

ባዶ እጅ ማለት ምን ማለት ነው? ኦገስት 2 ቀን 2022 ናሽናልስ ሶቶንና ጆሽ ቤልን ሳንዲየጎ ፓድሬስ ለተባለው ቡድን ሰጠ። በምትኩ ስድስት ሰው ተቀበለ። ዘገባችሁ የአንዱንም ስም አልጠራም። ሲጄ ኤብራምስ አለ። ማኬንዚ ጎር አለ። ጄምስ ዉድ አለ። ሮበርት ሃሰልና ሱሳና የተባለው ኳሱን በሰዓት ከመቶ ማይል በላይ የሚያስወነጭፈው ወጣት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ገና ከታች በማይነር ሊግ፣ በማሳደጊያው ሊግ ናቸው። ስድስተኛው ሉክ ቮይት ነበር፤ እሱ በዓመቱ መጨረሻ ሄዷል።

ኤብራምስ ባለፈው ዓመት፣ በ2024፣ ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመርጧል። 20 ሆምራን (ከአጥሩ በላይ የምታልፍ ኳስ) መትቶ 31 ቤዝ ሰርቋል፤ ማለት ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ ይዟል። ሲዝኑ ሳያልቅ በቅጣት ወደ ፍሎሪዳ መላኩንም አልደብቅም፤ አሳፍሮናል። ጎር በዚያው ዓመት 181 መቺ በስትራይክ፣ ማለት ኳሱን ሳያስመታ አሰናብቷል። ዉድ ደግሞ ጁላይ 1 ቀን 2024 ወደ ዋናው ቡድን አድጎ በ79 ጨዋታ 9 ሆምራን አስመዘገበ። ገና 22 ዓመቱ ነው።

አንድ በሬ ሸጦ አምስት ጥጃ እየነዳ ቤቱ የገባን ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ የሚል የለም። ጥጃዎቹ እስኪያርሱ ይጠበቃል እንጂ።

ደግሞስ በሬው ይቆይ ነበር ወይ? ሶቶ ከመሸጡ በፊት ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት እምቢ ብሏል። መብቱ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ቡድኑ ያለ አዲስ የረጅም ጊዜ ውል ሊይዘው የሚችለው እስከ 2024 መጨረሻ ብቻ ነበር። የገዛው ሳንዲየጎ እንኳ አላቆየውም፤ ዲሴምበር 2023 ላይ ለያንኪስ አሳለፈው። ከዓመት በኋላ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ስለዚህ ያን ቀን ባይሸጥ ኖሮ ዛሬ ሶቶም የለ፣ ዉድም የለ፣ ጎርም የለ። ባዶ እጅ ማለት ያ ነበር። ዘጋቢያችሁ ይህን ለማወቅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም ነበር። አሥር ደቂቃ ለእኛ አልተገኘችም።

ከእነዚህ ልጆች አንዱም ሶቶ አይደለም። አውቃለሁ። በ2019 ወርልድ ሲሪስ፣ በቤዝቦሉ የፍጻሜ ግጥሚያ መሃል 21 ዓመት የሞላውን ያን ልጅ ዳግመኛ የምናይ አይመስለኝም። በተሸጠ ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። ግን ሐዘን ሌላ፣ ሐሰት ሌላ።

ሌላው ነገር፣ ዘገባው ፍሎሪዳ ላይ የተሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች ቆጥሮ «ግንባታው ለመክሸፉ ማስረጃ» ይላል፤ ግንባታ የሚሉት ኮከቦችን ሰጥቶ በወጣቶች አዲስ ቡድን መሥራትን ነው። በፍሎሪዳ ሽንፈት ማንም ቡድን አይመዘንም። ናሽናልስ የሚዘጋጀው ዌስት ፓልም ቢች ነው፣ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር በአንድ ግቢ። ጀማሪው ፒቸር ከዘጠኙ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሁለት ሦስቱን ወርውሮ ይወጣል። ክረምቱን ሲለማመድ የቆየውን አዲስ የኳስ አወራወር ይሞክራል። ቢመታበትም ግድ የለውም፤ ሊሞክረው ነው የመጣው። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ዋናዎቹ ታጥበው ወጥተዋል። ሜዳ ላይ የሚቀሩት ጀርባቸው ላይ 80 እና 90 ቤት ቁጥር የለጠፉ፣ አብዛኞቹ ኤፕሪል ላይ ማይነር ሊግ የሚገኙ ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ውጤቱ የትም አይቆጠርም። ይህን የእኔ የ16 ዓመት ልጅ ያውቀዋል።

የፍሎሪዳ ጨዋታ ሲታይ ውጤቱን ትቶ ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ዉድ ከስትራይክ ዞን (መምታት ከሚገባው ክልል) ውጭ የሚመጣን ኳስ ለመምታት ይቸኩላል ወይስ ይታገሣል? ዲላን ክሩስ የወገብ ከፍታ ያለውን ፈጣን ኳስ ወደ አየር ያነሳዋል ወይስ መሬት ለመሬት ይልከዋል? (ክሩስ በ2023 ድራፍት፣ ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት፣ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው ልጃችን ነው። ስሙ ዘገባው ውስጥ የለም።) ጎር በሁለት ኢኒንግ ስንት ኳስ አባከነ? እኛ የምንከራከረው በዚህ ነው።

እኛ ስል ማንን ማለቴ ነው? አሁን ወደ ሁለተኛው አረፍተ ነገር መጣሁ።

እኔና ናሽናልስ ዲሲ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፣ በ2005። ቡድኑ ከሞንትሪያል፣ እኔ ከደሴ። ከተማዋ ከ1971 በኋላ የራሷ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። እኔም ሰው አልነበረኝም። መሃል ከተማ አንድ የምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ሥራ አገኘሁ። ዛሬም እዚያው ነኝ። ሬዲዮ ከታች አይስብም። ስለዚህ መኪና መግቢያው ዳገት ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀምጠዋለሁ። አንቴናው ላይ ምሳዬ የታሰረበትን ፎይል እጠመጥማለሁ። እንግሊዝኛዬ ግማሹ ከዚያ ሬዲዮ የመጣ ነው። ሲዝኑ 162 ጨዋታ ነው፤ ማለት በጋውን በሙሉ ማታ ማታ የሚያወራህ ሰው አለ ማለት ነው። ፓርኪንግ የሠራ፣ ታክሲ የነዳ፣ ሆቴል በር ላይ የቆመ ሐበሻ ሁሉ የምለው ይገባዋል። ስንቶቻችን ነን ጨዋታውን ሥራ ላይ ቆመን የለመድነው! ሊጠይቀን የመጣ ግን የለም።

ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ማታ ያ ዳገት ላይ አራት ነበርን። እኔ፣ ሁለት የታክሲ ሹፌሮች፣ ሕንፃውን የሚያጸዳ አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው። የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ። ሂውስተን 2 ለ 1 ይመራል። የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ሄዳ ሄዳ የቀኙን ምሰሶ ነካች። ሬዲዮው ውስጥ ጩኸት ብቻ ሆነ። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጠው፣ «ውስጥ ናት ወይስ ውጭ?» እያለ ክንዴን ጨመቀኝ። ምሰሶውን ከነካች ሆምራን እንደሆነች ያውቃል፤ ግን አላመነም። ያን ዓመት ሜይ ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። ማንም ዋንጫ ይወስዳሉ ያለን የለም። 6 ለ 2 አለቀ። ሰዎች መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ገንዘቡን ማን እንደተቀበለ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

በማግሥቱ ለዝግጅት ክፍላችሁ ደብዳቤ ጻፍኩ። በአማርኛ፣ በእጄ፣ ሦስት ገጽ። ከተማችን ዋንጫ ወሰደች፣ እኛም እዚያ ነበርን፣ ሁለት መስመር አውጡልን አልኩ። መልስ አልመጣም። ያን ሳምንት የስፖርት ገጻችሁ ላይ የእንግሊዝ ኳስ ነበር። የእንግሊዝ ኳስ አይጻፍ አላልኩም፤ እኔም አያለሁ። ግን ለንደን ስላለ ክለብ በየሳምንቱ አንድ ገጽ እየተጻፈ፣ ከዩ ስትሪት በግሪን ላይን ሰባተኛው ጣቢያ ላይ ስላለ ሜዳ በስድስት ዓመት አንዴ ተጽፎ፣ እሱም ተሳስቶ፣ በላዩ ላይ «አያሳስባቸውም» ተብሎ ሲጨመር ያማል። በእኔ ስም ማን አሳሰበኝ አላሳሰበኝም ይላል?

ቀይ ኮፍያዬን አይተው «ማን ሰጠህ?» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ገዝቼ ነው እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ከባዕድ ሲመጣ ትችለዋለህ። በራስህ ቋንቋ ከሚጻፍ ጋዜጣ ሲመጣ ግን የት ትሄዳለህ?

ክርክሩንም ላሳያችሁ፤ ክንዴን የጨመቀኝ ያ ሹፌር ዛሬም በየማታው ይመጣል። ጋሼ ነው የምለው። ዘንድሮ የእሱ ጥያቄ ስለ ልጆቹ አይደለም፣ ስለ ባለቤቶቹ ነው። የለርነር ቤተሰብ ክለቡን ሊሸጥ ነው ተባለ፣ በ2024 ደግሞ አንሸጥም አሉ። «ታዲያ ካልሸጡ ለምን አያወጡም?» ይላል። የፒቸሩ የፓትሪክ ኮርቢን የ140 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቋል። የክረምቱ ገበያ ግን ናትናኤል ሎውን በልውውጥ ማምጣት፣ ጆሽ ቤልን በ6 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት መመለስና ይህን የመሰለ ነገር ሆነ። የጥጃውን ነገር ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ጥጃ ብቻ እየሰበሰብክ ዘንድሮ ማሳህን በምን ልታርስ ነው?»

ይህን መመለስ ይከብዳል። በ2022 107 ጨዋታ ተሸንፈናል። በ2023 71 አሸነፍን። በ2024 እንደገና 71። ጋሼ ሁለቱን 71 አይቶ ቆመናል ይላል። እኔ አንድ አይደሉም እላለሁ። የሁለተኛውን 71 መጨረሻ የተጫወቱት ዉድና ክሩስ ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ሁለቱም አልነበሩም። በገንዘቡ ጉዳይ ግን ጋሼ ልክ ነው። በ2021 ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን ለዶጀርስ ሰጥተን ካመጣናቸው ሁለት ዋና ሰዎች ኪበርት ሩዊስ መምታት ተስኖታል፣ ጆሳያ ግሬይ ክንዱን ቀዶ ጥገና አድርጎ ዘንድሮ የለም። ግንባታው የትኛው ላይ ተሳሳተ ብሎ መጠየቅ የፈለገ ጋዜጠኛ እዚህ ላይ መቆፈር ይችል ነበር። እውነተኛውን ቁስል ትቶ የሌለውን አሳየን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ልጄ የነገረኝ ነው። ጄምስ ዉድ ያደገው ኦልኒ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ላይ የሚነዳ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅበት። ዲሲ ውስጥ ሃይስኩል ተምሯል። ልጄ በካውንቲው የልጆች ሊግ ሲጫወት ያደገ ነው። ዉድ ለመጀመሪያ ጊዜ በናሽናልስ ማሊያ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ «አባዬ፣ የሰፈራችን ልጅ እኮ ነው» አለኝ። እናንተ ደግሞ ያን ልጅ «ባዶ እጅ» ብላችሁ ጠራችሁት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ባዶ እጁን ቀረ» የሚለውን አርሙ፤ ስድስቱን ስሞች ጻፉ፣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ከዚያ ማርች 27 ቀን 2025 ሲዝኑ ከፊላደልፊያ ጋር በሜዳችን ይጀመራል። ዘጋቢያችሁ ወይ ሜዳ ይምጡ፣ ወይ እኔ ዘንድ ዳገቱ ላይ ይምጡ። ወንበር አለ፣ ቡናም በፔርሙዝ አለ። እኔ ዘንድሮ 75 እናሸንፋለን ባይ ነኝ። ከእኔ ካልተስማሙ ከጋሼ ጋር ይስማማሉ፤ እሱ 70 አንደርስም ብሎ ከአሁኑ ተወራርዶብኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ