አባቴ ሆይ፣ ስለ ምርምር መዋጮው

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ አምራቾች ምርታቸውን በሸጡ ቁጥር ለግብርና ምርምር የሚውል መዋጮ በሕግ ይቆረጥባቸው ስለሚለው ሐሳብ ጠይቄዎት፣ «የምርምርን ጥቅም አልክድም፤ ነገር ግን ስጦታ በግድ አይሆንም፤ እኔ ድምፄን የምሰጠው ተቃውሜ ነው» ብለውኛል። የእርስዎ ቃል ለእኔ ከባድ ስለሆነ በችኮላ መልስ ልሰጥበት አልፈለግሁም፤ ጉዳዩም ረጋ ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ስለሆነ በደብዳቤ ላቀርብልዎት ወሰንሁ።

በቅድሚያ እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እኔ የምተዳደረው በሰብል ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ነው፤ መዋጮው ቢጸድቅ ከሚጠቀሙት ወገኖች አንዱ የእኔ ሙያ ነውና የምጽፍልዎትን ሁሉ ይህን እያሰቡ ይመዝኑት። አቋሜ የሚከተለው ነው። መዋጮው ግዴታ መሆን አለበት፤ ሆኖም ግዴታው ተገቢ የሚሆነው መጠኑን የመወሰን፣ ወጪውን የመቆጣጠር፣ አልጠቀመንም ሲሉም ጨርሶ የማስቀረት ሥልጣን በከፋዮቹ እጅ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ሥልጣን ከሌለ እኔም ከእርስዎ ጋር ቆሜ እቃወማለሁ።

በፈቃደኝነት ይሁን የሚለው ሐሳብዎ የጨዋ ሰው ሐሳብ ነው። እንቅፋቱ ግን ከሰዎች ጠባይ የሚመጣ አይደለም፤ የሚመጣው ከሥራው ባሕርይ ነው። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳብር ሰብል ስለሆነ፣ የተሻሻለ ዝርያ አንድ ጊዜ ከገበሬ እጅ ከገባ ገበሬው ከምርቱ ዘር እያስቀረ ለዓመታት ሊዘራው፣ ለጎረቤቱም ሊያካፍለው ይችላል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ዝርያውን ያወጣው ወገን ወጪውን የሚመልስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ይሆናል። ድቅል በቆሎ በአንጻሩ ከምርቱ ላይ ተወስዶ ዳግመኛ ሲዘራ ጉልበቱን ስለሚያጣ ገበሬው በየዓመቱ ወደ ዘር ሻጩ ይመለሳል። የግል ኩባንያዎች ገንዘባቸውን በበቆሎ ላይ በብዛት እያፈሰሱ እንደ ስንዴ ያሉትን ሰብሎች በአብዛኛው ለመንግሥትና ለአምራች ማኅበራት የተዉት ስለዚህ ነው። ስለ መዝሪያ ጊዜ፣ ሰብልን ስለ ማፈራረቅ፣ አረምን ስለ መከላከል፣ ምርትን ሳይበላሽ ስለ ማቆየት የሚገኘው ዕውቀት ደግሞ ጭራሽ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ አይደለም፤ አንዱ ሲያውቀው ሁሉም ያውቀዋል።

እንግዲህ መዋጮው በፈቃድ ብቻ ቢሆን፣ የከፈለውና ያልከፈለው በአንድ ዝርያ እኩል ያመርታሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቅን የሆኑት ይከፍላሉ፤ ከዚያ ግን ያልከፈለው ጎረቤታቸው አንዳች እንዳልጎደለበት ሲያዩ ቅንነታቸው መቀለጃ የሆነ ይመስላቸውና ቀስ በቀስ ይተዉታል። በእርግጥ በራሱ ገንዘብ ምርምር ያቋቋመ ሰው አልጠፋም። እንግሊዛዊው ጆን ቤኔት ሎዝ ከማዳበሪያ ንግዱ ባገኘው ገንዘብ በ1843 ሮታምስቴድ ላይ የጀመረው የስንዴ ሙከራ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ማሳ ላይ ይካሄዳል (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ የአንድ ባለጸጋ በጎ ፈቃድ ሲገኝ የሚመሰገንበት ነው እንጂ አንድ አገር ሰብሏን ለመጠበቅ ዕቅድ የምትነድፍበት አይደለም።

ሥራው የሚወስደውን ጊዜ በዓይኑ ያላየ ሰው ለመገመት ይቸገራል። ስንዴን ለማዳቀል አበባው ከመፍካቱ በፊት ዛላውን በእጃችን ይዘን፣ የእያንዳንዷን አበባ ጫፍ በመቀስ ቆርጠን፣ በውስጧ ያሉትን ሦስት የወንዴ አካላት በቀጭን ወረንጦ አንድ በአንድ እናወጣለን። በዚያን ጊዜ ገና አረንጓዴ መሆን አለባቸው፤ ቢጫ ከሆኑ ዱቄታቸውን በትነው ሊሆን ስለሚችል ያ ዛላ ይጣላል። ከዚያም ዛላውን በወረቀት ከረጢት እንሸፍንና ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሌላው ወላጅ የመጣውን የአበባ ዱቄት እናራግፍበታለን። ከአንድ ዛላ የሚገኘው ፍሬ መዳፍ እንኳን አይሞላም። ያ ጥቂት ፍሬ ተዘርቶ፣ ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ፣ በተለያየ አፈርና ዝናብ እየተፈተነ ለገበሬ የሚሰጥ ዝርያ እስኪሆን በተለመደው አሠራር 10 ዓመት ያህል ይፈጃል። በመካከሉ ገንዘብ ቢቋረጥ ሥራው ከቆመበት አይቀጥልም፤ የዚያ ዓመት በሽታ ሊለየው ይችል የነበረው ደካማና ብርቱ ተክል ሳይለይ ያልፋል፣ ልምድ ያካበተው ባለሙያም ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ ደግሞ ገበያ ሲደራ የሚበዛ፣ ምርት ሲጠፋ የሚጠፋ ነው፤ ምርምር በብርቱ የሚፈለገው ግን ምርት በጠፋበት ዓመት ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ታሪክ ነው። ብሔራዊ ፌዴሬሽናቸውን በ1927 አቋቋሙ፤ በ1938 ደግሞ ሴኒካፌ የተባለውን የራሳቸውን የምርምር ማዕከል ከፈቱ። ዛሬ ወጪውን የሚሸፍኑት ወደ ውጭ ከሚላከው ቡና ላይ በሕግ በሚቆረጥ መዋጮ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ በ1970 ብራዚል ውስጥ ሲታይ ኮሎምቢያ ገና አልደረሰም ነበር። ተመራማሪዎቻቸው ግን ካቱራ የተባለውን አጭር ዝርያ በሽታውን ከሚቋቋመው፣ የቲሞር ድቅል ከሚባለው ቡና ጋር ሲያዳቅሉና ሲመርጡ ቆይተው፣ በ1982 «ኮሎምቢያ» ብለው የሰየሙትን ዝርያ ለአምራቾች አደረሱ። ዋጉ አገራቸው የገባው በ1983 ነው። ከዚያ በኋላም ሁሉም ነገር የሠመረ አይደለም፤ ቡናን ነቅሎ መተካት ምርት የማይገኝባቸውን ዓመታት መታገሥ ይጠይቃልና ብዙዎች የድሮውን ተክል ይዘው ቀሩ። ከ2008 በኋላ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ዋጉ በርትቶ የአገሪቱ ምርት ክፉኛ አሽቆለቆለ። ያዳናቸው በ2005 የወጣው «ካስቲዮ» የተባለው ተከታይ ዝርያ በብዙ ማሳዎች ላይ መተካቱ ነው። ይህ ዝርያ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ባይጠብቃቸው ኖሮ ከባዶ ጀምረው የሚደርሱበት ጊዜ አልነበራቸውም። አባቴ፣ በማሳው ላይ አንድ ጊዜም አይቶት ለማያውቀው በሽታ በገዛ ፈቃዱ በየዓመቱ ገንዘብ የሚያወጣ አምራች ስንት ይገኛል ብለው ያስባሉ? እኔ ጥቂት ይመስሉኛል፤ ጥቂቶች ደግሞ ይህን ሥራ አይችሉትም።

ወደ ተቃውሞዎ ስመለስ፣ «ምርት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል፤ ተጠቃሚው ሸማቹ ሆኖ ሳለ ከፋዩ ለምን እኔ ብቻ እሆናለሁ?» ያሉት ነጥብ ውሃ የሚያነሳ ነው። በአገር ውስጥ ብቻ ለሚሸጥ ሰብል በተለይ እውነት ነው፤ ሰው ምርት በዛ ብሎ ከሚበላው እጅግ አብልጦ አይገዛምና ዋጋው ይወርዳል፣ ጥቅሙም በአመዛኙ ወደ ሸማቹ ይሻገራል። ዋጋው በዓለም ገበያ በሚወሰን ሰብል ላይ ግን የአንድ አገር ምርት መጨመር ዋጋውን ብዙም ስለማያንቀሳቅሰው አብዛኛው ጥቅም አምራቹ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ ሸክሙ ሊከፋፈል ይገባል፤ የሸማቹ ድርሻ የሚከፈለውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ኡራጓይ በ1989 ባወጣችው ሕግ ኢኒያ የተባለውን የምርምር ተቋም ስታቋቁም፣ አምራቹ ከሽያጩ 0.4 በመቶ እንዲያዋጣ፣ መንግሥትም በዚያው ልክ እንዲጨምር አድርጋለች፤ በተቋሙ ቦርድም የአምራቾች ተወካዮች ይቀመጣሉ። በአውስትራሊያ የስንዴ አምራቾች የምርምር መዋጮ በሕግ የጸናው በ1957 ሲሆን፣ ዛሬ የአብዛኛው እህል መዋጮ ከሽያጩ ዋጋ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ መንግሥትም ከጠቅላላው የምርት ዋጋ እስከ 0.5 በመቶ ድረስ ይጨምርበታል።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋው እርስዎ ባላነሱት ነገር ነው። አምራቹ መክፈል ሲጀምር መንግሥት «እንግዲህ ገንዘብ አላችሁ» ብሎ የራሱን በጀት ሊቀንስ ይችላል፤ ያን ጊዜ መዋጮው ምርምሩን ሳያሳድግ ሸክሙን ከግብር ከፋዩ ሁሉ ትከሻ ወደ ገበሬው ትከሻ ብቻ ያዞረዋል። ይህ በደል ስለሆነ የመንግሥት ድርሻ ከዚህ በታች አይወርድም የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ ካልተጻፈ በስተቀር፣ ምርምር ወዳጅ ሆኜ ሳለሁ እንኳን ይደግፉት አልልዎትም።

ገንዘቡ ተመራማሪው ደስ ባለው ጥያቄ ላይ ይባክናል የሚለው ስጋትዎም መሠረት የሌለው አይደለም። በእንግሊዝ በ2021 የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ድምፅ ሲሰጡ ከ100ው 61 ያህሉ፣ የድንች አምራቾች ደግሞ 66 ያህሉ አስገዳጁን መዋጮ ተቃወሙ፤ መዋጮውም ቀረ። ብዙዎቹ ለከፈሉት ገንዘብ የሚመጥን ነገር አላገኘንም የሚል ቅሬታ ነበራቸው፤ ቅሬታቸውን አላቃልለውም። ነገር ግን ሳተን ብሪጅ የተባለው በዚሁ መዋጮ ይካሄድ የነበረው የድንች ማቆያ ምርምር ማዕከልም አብሮ ተዘጋ። ይህም የሆነው የተከማቸ ድንች እንዳያቆጠቁጥ ለብዙ ዘመን ያገለገለው ክሎርፕሮፋም የተባለው ኬሚካል ተከልክሎ ምትክ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። በውሳኔያቸው ላይ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ሆኖም የማዕከሉ መዘጋት ዛሬም ይከነክነኛል።

የኒውዚላንድ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ መስሎ ይታየኛል። በ1990 የወጣው ሕጋቸው መዋጮ የሚጸድቀው በአምራቾቹ ድምፅ ብቻ እንዲሆን፣ ከ6 ዓመት በላይም ሳይታደስ እንዳይቆይ አድርጓል። በዚህ መሠረት በ2009 የበግና የላም ሥጋ አምራቾች መዋጮአቸውን ሲያድሱ የሱፉ መዋጮ ግን በድምፅ ወደቀ፤ በ2014 እንደገና ቀርቦም አላለፈም። የአውስትራሊያ ሱፍ አምራቾች ደግሞ መጠኑን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በ2018 ከ2 በመቶ ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ አድርገውታል። አንድ ተቋም ከፋዩ ሊያሰናብተው እንደሚችል ሲያውቅ የከፋዩን ማሳ ችግር ቀርቦ ይጠይቃል። (ለማስታወቂያ የሚውል መዋጮን በዚህ ውስጥ አልጨምርም። በአሜሪካ የእንጉዳይና የከብት አምራቾች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተካሰሱት ስለማይስማሙበት ማስታወቂያ በግድ በመክፈላቸው ነበር፤ ማስታወቂያና ምርምር በአንድ ሳጥን ሲገቡ የሚጎዳው ምርምሩ ነው።)

ስለ ትንንሾቹ አምራቾች ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ መዋጮው በመሬት ስፋት ሳይሆን በሽያጭ ዋጋ ላይ ከተሰላ፣ ምርቱን ለቤቱ የሚያውለውም ሆነ ሰብሉ የጠፋበት አይከፍልም። የሚቆርጠው የመጀመሪያው ገዢ ነው፤ የተቆረጠው ገንዘብም ከሌላ ተቀናሽ ጋር ሳይደባለቅ በሚዛን ደረሰኙ ላይ በራሱ መስመር መጻፍ አለበት። ገበሬው በየሽያጩ ስንት እንደከፈለ ካላየ በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደተሠራበት ሊጠይቅ አይችልም።

ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት ረቂቁን አስመጥተው የመንግሥትን ድርሻና መዋጮው የሚያበቃበትን ጊዜ የሚደነግጉትን አንቀጾች ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱ ከሌሉ ይቃወሙት፤ እኔም አልከፋም። አንድ ጥያቄ ግን የእርስዎን ምክር ይሻል። በእንግሊዙ ምርጫ እያንዳንዱ ከፋይ እኩል አንድ ድምፅ ነበረው፤ የአውስትራሊያ ሱፍ አምራቾች ድምፅ የሚቆጠረው በከፈሉት ገንዘብ ልክ ነው፤ የኒውዚላንድ ሕግ ደግሞ በሰው ቁጥርም በምርት መጠንም ብልጫ መገኘት አለበት ይላል። በቁጥር ብቻ ከሆነ አብላጫውን ገንዘብ የሚከፍሉት ጥቂቶች ተገድደው ይከፍላሉ፤ በገንዘብ ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ አምራቾች ምርምሩን ወደሚፈልጉት ሰብል ይጎትቱታል። እኔ ወደ ኒውዚላንዱ አደላለሁ፤ ነገር ግን ብዙ አምራቾች በሚያመነቱበት ዘመን ሁለቱንም ብልጫ ማግኘት እጅግ ይከብድ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ከአምራቾች ጋር ዘመንዎን ሙሉ የኖሩት እርስዎ ነዎትና የትኛው እንደሚሻል በሚመችዎ ጊዜ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ