ቤት ልንገዛ ነው፣ ሰፈሩን አንቺ ንገሪኝ

ሚጡዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የናዝሬት ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ስለ መጥፋቴ ብዙ አልልም። ይቅርታውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። ደግሞ አንቺም ጠፍተሻል። ቢጫ ሹራቤን ይዘሽ እንደጠፋሽ ቀረሽ።

አሁን የጻፍኩልሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ሐዋሳ ቤት ልንገዛ ነው።

አዎ፣ ያንቺው ሐዋሳ። ስንት ዓመት በኪራይ ስንንከራተት ከርመን፣ ተመስገን፣ ቁጠባውም የባንክ ብድሩም ተለቃቅሞ አንድ ነገር ሆነ። ደስ ብሎኛል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። ቤት ቀለሙ ይቀየራል፣ ጣሪያው ይታደሳል፣ ወጥ ቤቱ ይሰፋል። ሰፈርን ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ እዚህ የመጣሁት እንጀራ ፍለጋ ነው። አንቺ ግን አፈር ፈጭተሽ፣ ውሃ ተራጭተሽ ያደግሽባት ከተማ ናት። ስለዚህ ማንን ልጠይቅ?

ባለቤቴ ልቡ ቱላ በኩል ነው። ሰፊ ግቢ፣ አዲስ ቤት፣ ጥግ ላይ አቮካዶ ተተክሎበታል። ያንን ግቢ ካየ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ፣ እሱ ከሥራ መጥቶ አቮካዶው ሥር ሲቀመጥ ይታየዋል። አልፈርድበትም። በጠባብ ቤት ያደገ ሰው ነው፣ ታውቂዋለሽ። ደላላውም ቀን ቀን ብቻ ነው የሚወስደን። ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሁሉ ነገር አምሮ።

እኔ ሳልነግራቸው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከፒያሳ ተነስቼ ሄድኩ። ባጃጁ ዋናው አስፋልት ላይ አወረደኝና «ከዚህ ወዲያ ኮንትራት ነው» አለኝ። ውስጥ ለውስጥ መብራት የለም። የስልኬን መብራት አብርቼ እየሄድኩ ትልቁ ልጄ ከማታ ጥናት ሲመለስ በዚህ መንገድ ሲመጣ ታየኝና ልቤ ፈራ። አንዲት ልጅ ጀሪካን በጋሪ ስትገፋ አገኘሁና ውሃ እንዴት ነው አልኳት። ከመጣ ሌሊት ነው አለችኝ። ሻጩ ደግሞ «ምን ችግር አለ፣ ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው» ይላል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛው አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። የነዚያን የዶርማችንን ልጆች የበለዘ ጥርስ አስታውሼ የትንሿን ልጄን የወተት ጥርስ አየሁ። ውሃውን ሳላስመረምር አልጠጣም፣ አላጠጣምም።

ይሄ ሁሉ ይቅር። ካርታውስ? «በሂደት ላይ ነው።» የገበሬ መሬት ተሸንሽኖ የተሠራ ቤት መሆኑን ቀስ ብለን ነው ያወቅነው። ባንኩም ያለ ካርታ ብድር አይለቅም። ይህንን ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመጣል» አለኝ። ሰው የወደደውን ነገር ሲሟገትለት እንዴት እንደሚያሳዝን!

ሁለተኛው ሐይቅ ዳር ነው። ዋጋው ለሰፈሩ ረከሰብኝ፣ እና ጠረጠርኩ። ቤቱ ገና ቀለም ተቀብቷል። መኝታ ቤት ስንገባ ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን ተለጥፎ ቆሟል። ትንሽ አስጠጉልኝ አልኳቸው። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ቀለሙ አብጦ ተላልጧል። በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ረገፈ። እርጥበቱ ከሥር ነው የሚመጣው። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲበዛ ከፍ ከማለት ሌላ መሄጃ የለውም። በ1991 ዓ.ም ሞልቶ የወጣ ጊዜ አንቺ ልጅ ነበርሽ። እናትሽ ያንን ወሬ ሲያወሩ ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማው። ፍቅር ሐይቅን ለሽርሽር እወዳታለሁ። መኝታ ቤቴ እንድትገባ ግን አልፈልግም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ግዢና ሰርቪስ ክፍሎቹን ለሠራተኞች አከራይ ብላኛለች። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ሲከፈት ያከራዩ ሰዎች እንደተጠቀሙ ትናገራለች። በ2014 ዓ.ም አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከዚያ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣን ፋብሪካ ትቶ የሄደ ኩባንያ መኖሩን ግን እኔም አልረሳሁትም። የባንክ ዕዳዬን በሌላ አገር ውሳኔ ላይ ማንጠልጠል ፈራሁ። ተውኩት።

ሚጡዬ፣ አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገብቶኝ ነው እዚህ የደረስኩት።

አባዬ አርፏል። ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ላይ። ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺን «ሦስተኛዋ ልጄ» ይልሽ ነበርና ድምፅሽን ስሰማ የምችለው አልመሰለኝም። ቀኑ ሲቆይ ደግሞ ለመናገር የበለጠ ከበደኝ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ አውቃለሁ። ከኔ ሳትሰሚ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ነው። ነፍሱን ይማርልን።

እናቴ አሰላ ብቻዋን ቀረች። አሁን ከኛ ጋር ልትኖር ነው። ለዚህ ነው ሰፈሩ እንዲህ ያስጨነቀኝ። ባለፈው ለሁለት ወር መጥታ ነበር። የተከራየንበት መንገድ ግራና ቀኙ ትልልቅ የብረት በር ነው። ሁሉም በመኪና ይገባል፣ በመኪና ይወጣል። ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን አውጥታ በር ላይ ትቀመጣለች። እንዝርቷን እያሾረች የሚያልፈውን ትጠብቃለች። የሚያልፍ ሰው የለም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕድር እንኳ አለመግባታችንን ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት።

ስለዚህ ሦስተኛው ቤት ሐረር ሰፈር ነው። አዎ፣ እናንተ ሰፈር! ጮኸሽ ይሆናል።

ቤቱ አያምርም። ያረጀ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግቢው ጠባብ። ባለቤቴ ገብቶ ሲያየው ፊቱ ወደቀ። እኔ ጣሪያውን አንጋጥጬ እያየሁ ሳለ ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት «ቤት የምታዩት ናችሁ? ኑ ግቡ፣ አቦሉ ደርሷል» አሉን። የማናውቃቸው ሴት ናቸው! ገባን። ቄጠማ ላይ ተቀመጥን። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነገሩን። ደላላው ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን እህትየዋ ፈርማለች?» አሉኝ።

ለካ ቤቱ የውርስ ነው። የሚሸጥልን ታላቅ ወንድም ነው። ታናሽ እህቱ ጅዳ ናት፣ እሷም ወራሽ ናት። ካርታው አሁንም በሟች አባታቸው ስም ነው። ሻጩ አንዲት ቃል አልነገረንም። ሴትየዋ ባይነግሩን ቀብድ ልንከፍል ነበር። እሷ ሳትስማማ ብንፈራረም ነገ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ነበርን። መንገዱ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው። ከዚያ እህትየዋ ቆንስላ ሄዳ ውክልና ትልካለች። ስሙ ወደ ወራሾቹ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሽያጩ። ውሉም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይሆናል እንጂ ደላላ ቢሮ ውስጥ በወረቀት አይሆንም። ይህን ሁሉ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ይህን ቤት እፈልገዋለሁ።

ልንገርሽ ሚጡዬ፣ ስኒውን ሳስቀምጥ እናቴን ያ ቄጠማ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ባለቤቴም ስንወጣ «ሴትየዋ ደግ ናቸው» አለ። ስለ አቮካዶው ግን አልተወም። ግቢው ጠባብ ቢሆንም አንድ ዛፍ ይችላል ብዬዋለሁ። አንድም ቀን በቁጣ አልተነጋገርንበትም፣ ሁለታችንም ግን እያዘንን ነው የምናወራው።

እንግዲህ እርዳታሽ እዚህ ላይ ነው። እናትሽ ያንን ቤተሰብ ማወቃቸው አይቀርም። እህትየዋ በእርግጥ መሸጥ ትፈልጋለች ወይ? ወይስ ያባቷን ቤት በልቧ ይዛ ነው ያለችው? የማትፈልግ ከሆነ ባይተዋር ሆኜ በሰው ኀዘን ላይ መግባት አልፈልግም። ሌላም ጠይቂልኝ። ዕድሩ አዲስ ገቢ ይቀበላል? ከዚያ እስከ ገብርኤል በእናትሽ እርምጃ ስንት ደቂቃ ነው? መኪና የሚበዛበት መንገድስ መሻገር አለ? የእናቴ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ ያንን መንገድ ይነካ እንደሆነ እኔ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ፕላኑን አያለሁ፣ እሱን ለኔ ተዪው።

እናትሽን በስልክ ከምታስቸግሪያቸው እኔው ራሴ ሄጄ ልጠይቃቸው ብዬ ነበር። ግን ይህን ያህል ጊዜ እዚሁ ከተማ እየኖርኩ ሳልጠይቃቸው ቆይቼ፣ በጉዳይ ብቻ በራቸውን ማንኳኳት አሳፈረኝ። አንቺ ቀድመሽ ንገሪልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ አባዬም አንቺው ንገሪያቸው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አልችልም።

ለሻጩ ሰኞ መልስ እንሰጣለን ብለነዋል። ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጆቹ ስለሚተኙ በደንብ እናወራለን።

ያንቺው እህት